የውጭ ቁልፍና ነባሪ ዋጋ፦ የተረጂዎችን መዝገብ ከስሕተት ስለ መጠበቅ

በልማት ሥራ የተሰማራን ሁሉ ምንጭ ስናጎለብት፣ እርከን ስናሠራ፣ የእንሰት ችግኝና የስኳር ድንች ቁራጭ ስናከፋፍል ከእጃችን የማይለይ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። ማን ተመዘገበ? ምን ተሰጠው? መቼና በየትኛው ቀበሌ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚጎዳው ወረቀቱ ሳይሆን ሰው ነው። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ወዲህ ደግሞ አንዲት ስሕተት በአንድ ቅጽበት ወደ ሺሕ ረድፍ ልትባዛ ትችላለች።

ስለዚህም በዚህ እትም ከየቅርንጫፉ የመስክ ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሡልንን ሁለት ጉዳዮች እናብራራለን። አንደኛው በመረጃ ቋት ውስጥ ሰንጠረዦችን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው «የውጭ ቁልፍ» ወይም ፎሪን ኪ ነው። ሁለተኛው መዝጋቢው ምንም ሳይጽፍ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሞላው «ነባሪ ዋጋ» ወይም ዲፎልት ነው። ሁለቱም ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመዝገብ እውነተኛነት የሚጸናውም የሚናወጠውም በእነርሱ ነው።

ከጉኑኖ ምን እንማራለን?

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉኑኖ በአፈር ጥበቃ ምርምር ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ሲጀምሩ በልዩ ልዩ የአየር ጠባይ ክልሎች የመለኪያ ጣቢያዎችን አቋቁመው ነበር። እነርሱም በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በኤርትራ አፍደዩ፣ በወላይታም ጉኑኖ ናቸው። በእነዚህ ጣቢያዎች የዝናቡ መጠን፣ የጎርፉ መጠንና ጎርፉ ጠርጎ የሚወስደው አፈር ለዓመታት ተለክቶ ተመዝግቧል።

እስቲ እንዲህ ያለውን መዝገብ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ጣቢያዎች አሉ። በየጣቢያው የሙከራ መደቦች አሉ፤ አንዱ እርከን ያለው፣ ሌላው የሌለው ነው። በየመደቡም የየዕለቱ ልኬት አለ። አንድ ልኬት ከየትኛው መደብ እንደ ተገኘ ካልታወቀ ቁጥሩ ከንቱ ነው። «ይህን ያህል ኪሎ አፈር ታጠበ» የሚል ጽሑፍ ከእርከኑ መደብ ይሁን እርከን ከሌለው የማይነግረን ከሆነ፣ ለገበሬው «እርከን ሥራ» ብሎ ለመምከር ምን ማስረጃ ይሆናል? እንዲሁም ዝናብ ያልዘነበበትን ቀንና ዝናቡ ያልተለካበትን ቀን መለየት ካልቻልን የዓመቱ ድምር ይዋሻል። የመጀመሪያው ችግር የውጭ ቁልፍ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የነባሪ ዋጋ ጉዳይ ነው። የኛም የተረጂዎች መዝገብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሰንጠረዥ፣ ረድፍና ዋና ቁልፍ

ዛሬ የምንጠቀምባቸው የመረጃ ቋቶች መሠረታቸው በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሰንጠረዦቹም በያዙት ዋጋ አማካይነት ይገናኙ የሚል ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ነገርን (አንድ ቀበሌን፣ አንድ አባወራን ወይም እማወራን፣ አንድ የርክክብ ጊዜን) ይወክላል። እያንዳንዱ ዐምድ ደግሞ ስለዚያ ነገር አንድ ጠባይ ይናገራል።

አንድን ረድፍ ከሌላው የሚለየው ዐምድ «ዋና ቁልፍ» ይባላል። የዋና ቁልፍ ሕግ ሁለት ነው፤ አይደገምም፣ ባዶም አይሆንም። በቤተሰቦች ሰንጠረዥ ቁጥር 214 የተባለ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው።

«ስሙ ካለ ቁጥር ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ በሥልጠና ላይ ይነሣል። መልሱ ከገዛ ፊደላችን ይጀምራል። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸጋዬና ፀጋዬ፣ ዓለሙና አለሙም እንዲሁ። በወላይታ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል፤ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንዱ ሰው በትምህርት ቤቱ መዝገብ በአንድ ፊደል፣ በኛ መዝገብ በሌላ ፊደል ሊገኝ ይችላል። በአገራችን ስም የሚወረሰው ከአባት ነውና ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በጋራ የቤተሰብ ስም አይታወቁም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስም፣ በአባት ስም፣ አልፎም በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎችም ይገኛሉ። ስም የሰው ክብሩ ነው፤ በጥንቃቄ ይጻፍ። ረድፍን ከረድፍ የማገናኘት ሸክም ግን አይጫንበት፤ ያ የቁጥር ሥራ ነው።

የውጭ ቁልፍ ምንድን ነው?

ሁለት ሰንጠረዦች አሉን እንበል፤ «ቤተሰቦች» እና «ርክክቦች»። በርክክቦች ሰንጠረዥ ውስጥ «የቤተሰብ ቁጥር» የሚል ዐምድ አለ። ይህ ዐምድ በቤተሰቦች ሰንጠረዥ ወደሚገኘው ዋና ቁልፍ ይጠቁማል። ዐምዱ የውጭ ቁልፍ ነው ብለን ለመረጃ ቋቱ ካሳወቅነው በኋላ ቋቱ ራሱ ዘብ ይቆማል። መዝጋቢው በድካም 214 ለማለት 2144 ቢጽፍና እንዲህ ያለ ቤተሰብ ባይኖር፣ ቋቱ ረድፉን አይቀበልም። ተቀባዩ ያልታወቀ ችግኝ፣ ባለቤቱ የጠፋ ርክክብ አይመዘገብም። እንዲህ ያለውን ረድፍ የሙያው ሰዎች «ወላጅ አልባ» ይሉታል። የሚጠቆምበት ሰንጠረዥ «ወላጅ»፣ የሚጠቁመው «ልጅ» ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። የውጭ ቁልፍ ጥበቃው የቁጥሩን መኖር እንጂ የቁጥሩን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። መዝጋቢው 214ን 241 ብሎ ቢጽፍና 241 የተባለ ቤተሰብ ቢኖር ቋቱ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ በመመዝገቢያው ገጽ ላይ ቁጥሩ ሲጻፍ ስሙ አብሮ እንዲታይ ማድረግ፣ መዝጋቢውም ስሙን ጠርቶ ከባለቤቱ ጋር እንዲያረጋግጥ ማስለመድ ያስፈልጋል።

የውጭ ቁልፍ ሌላም ጥቅም አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወደ አዲሱ ክልል ተሸጋገረ። ከዚያም አስቀድሞ ጉኑኖ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ሥር ትታወቅ ነበር፤ ኋላ ዳሞት ሶሬ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ። የክልሉንና የወረዳውን ስም በእያንዳንዱ ቤተሰብ ረድፍ ላይ የጻፈ መዝገብ በሺዎች የሚቈጠሩ ረድፎችን ማረም ግድ ሆነበት፤ ግማሹ ታርሞ ግማሹ ሲቀርም አንድ ቀበሌ በሁለት ክልል ይቈጠራል። ቤተሰብን ለቀበሌ፣ ቀበሌን ለወረዳ፣ ወረዳን ለዞን፣ ዞንን ለክልል በውጭ ቁልፍ ያስተሳሰረ መዝገብ ግን አዲሱን ክልል በአንድ ረድፍ አስገብቶ የዞኑን ጠቋሚ ወደዚያ ያዞራል፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይስተካከላል።

ወላጁ ሲሰረዝ ልጁ ምን ይሁን?

የውጭ ቁልፍ ስንመሠርት ቋቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ወላጅ የሆነው ረድፍ እንዲሰረዝ ሲታዘዝ ልጆቹ ምን ይሁኑ? አራት ዋና ዋና መልሶች አሉ።

አንደኛው መከልከል ነው፤ ሪስትሪክት ይባላል። ርክክብ የተመዘገበለት ቤተሰብ አይሰረዝም። ሁለተኛው አብሮ መሰረዝ ነው፤ ካስኬድ ይሉታል። ቤተሰቡ ሲሰረዝ ርክክቦቹ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ሦስተኛው ጠቋሚውን ባዶ ማድረግ፣ አራተኛው ደግሞ ጠቋሚውን ወደ ነባሪ ዋጋው መመለስ ነው። የመጨረሻውን ሁሉም ቋት አይደግፈውም፤ ለምሳሌ በማይኤስኪውኤል ውስጥ ያለው ኢኖዲቢ አይቀበለውም።

እኛ ለርዳታና ለንብረት መዝገብ የምንመክረው የመጀመሪያውን ነው። ካስኬድ ምቹ ይመስላል፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። አንድ ሰው በስሕተት አንድ ቀበሌ ቢሰርዝ፣ በቀበሌው ያሉ ቤተሰቦች፣ የቤተሰቦቹም ርክክቦች ያለ ድምፅ ተከታትለው ይጠፋሉ። ኦዲተር መጥቶ «ያ ዘር ወዴት ሄደ?» ቢል መልስ የለንም። ከቀበሌው የለቀቀ ወይም በሞት የተለየ አባወራ እንኳ ከመዝገብ አይፋቅ፤ «ሁኔታ» የሚል ዐምድ አበጅተን «ለቅቋል» ወይም «ዐርፏል» ብለን እንመዝግብ። የተሰጠው ተሰጥቷልና ታሪኩ ሊኖር ይገባል።

ነባሪ ዋጋ፦ ዝምታን ማን ይተረጕማል?

ነባሪ ዋጋ ማለት መዝጋቢው ለአንድ ዐምድ ምንም ሳይሰጥ ሲቀር ቋቱ በራሱ የሚያስገባው ዋጋ ነው። በትክክል ቢመረጥ ድካምን ይቀንሳል። «ሁኔታ» የሚለው ዐምድ አዲስ ለሚመዘገብ ቤተሰብ «ንቁ» ተብሎ ቢጀምር መልካም ነው፤ አዲስ ተመዝጋቢ በእርግጥ ንቁ ነውና። ረድፉ ወደ ኮምፒውተሩ የገባበት ቀንም በነባሪ ቢሞላ መልካም ነው፤ ያን ቀን ከኮምፒውተሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ ነባሪ ዋጋ የሚሰጠው መዝጋቢው ባይናገርም እውነቱ በሚታወቅበት ቦታ ብቻ ነው። እውነቱ ሰው ሳይጠየቅ፣ መሣሪያ ሳይነበብ በማይታወቅበት ቦታ ነባሪ ማስቀመጥ ዝምታን እንደ ምስክርነት መቍጠር ነው።

ለዚህ ነው ዜሮና ባዶ የሚለዩት። በቋት ቋንቋ ባዶው «ነል» ይባላል፤ ትርጕሙም «አይታወቅም» ነው። ወደ ዝናቡ ምሳሌ እንመለስ። በ30 ቀን ውስጥ 27 ቀን ተለክቶ ድምሩ 135 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ለካዩ ታምሞ 3 ቀን ሳይለካ ቀረ እንበል። ያልተለኩት ቀናት ነል ከሆኑ ቋቱ አማካዩን ሲያሰላ ይዘላቸዋል፤ 135 ለ27 ተካፍሎ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነባሪው ዜሮ ከሆነ ግን 135 ለ30 ይካፈልና 4.5 ይወጣል። ማንም አልዋሸም፤ መዝገቡ ግን ዋሸ። በነል በኩልም ቢሆን አማካዩ የ27 ቀን እንጂ የ30 ቀን አለመሆኑን በሪፖርቱ መግለጽ ይገባናል።

የደረሰብን አንድ ነገር

ቀደም ሲል በሠራንበት አንድ የንጹሕ ውኃ ፕሮጀክት ይህ ነገር በእጃችን ደርሷል። መዝገቡ ተጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ከገባበት በኋላ «ከውኃ ነጥብ ያለው ርቀት» የሚል አዲስ ዐምድ እንዲጨመር ተወሰነ። ዐምዱ ባዶ እንዳይሆን ነባሪው ዜሮ ተደረገ። አዲስ ዐምድ ከነባሪ ዋጋ ጋር ሲጨመር ግን ነባሪው የሚሞላው ወደ ፊት ለሚገቡት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የነበሩት ረድፎች ሁሉ ያንኑ ዋጋ ይይዛሉ። ይህን አላስተዋልንም ነበር።

ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ለመለየት ዝርዝሩን ከሩቅ ወደ ቅርብ ስናስደረድር፣ ቀድመው የተመዘገቡት ሁሉ «ርቀት ዜሮ» ተብለው ከግርጌ ወረዱ። መዝገቡ ውኃ በደጃቸው እንደሚፈስ መሰከረላቸው። ከእነርሱ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ ወደ ቢሮው መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብሁት እኔ ነበርሁ፤ ስሜን ማን አወጣው?» ሲሉ ጠየቁ። ስማቸውን ያወጣው ማንም አልነበረም፤ ስማቸው በመዝገቡ አለ። ያስቀራቸው ማንም ያልጻፈው አንድ ዜሮ ነው። ይቅርታ ጠይቀን፣ ዐምዱን ነባሪ የሌለውና ነልን የሚቀበል አድርገን፣ ርቀቱን ዳግመኛ ቤት ለቤት ለካን። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። ያቺ አንዲት ዜሮ በቃል ስብሰባ ላይ ተነሥታ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀበላትም ነበር፤ በሰንጠረዥ ውስጥ ስትቀመጥ ግን ሁላችንም አመንናት።

ቀናችንና የኮምፒውተሩ ቀን

በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የቀን ዐምድ ነው። የተለመዱት ቋቶች የቀን ዐምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቈጣጠር ነው። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ብንጽፍ ይመልሰዋል፤ ጥቅምት 30ንም 2ኛ ወር 30ኛ ቀን ብንለው አይቀበልም። የሚመልሰው ስሕተት ቀላል ነው፤ ክፉው የሚቀበለው ነው። የከተራን ዕለት ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.ን «2015፣ 5፣ 10» ብለን ብናስገባ ቋቱ በደስታ ይቀበላል፤ የሚረዳው ግን ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.ን ነው። ርክክቡ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ነባሪውም እዚሁ ያሳስታል። «የርክክብ ቀን» የሚለው ዐምድ ነባሪው «ዛሬ» ቢሆን፣ መስክ ላይ በወረቀት የተሞላው ቅጽ ከአሥር ቀን በኋላ ቢሮ ሲገባ ርክክቡ ያን ዕለት የተፈጸመ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ዐምድ ይኑር፤ «የተመዘገበበት ቀን» ነባሪው ዛሬ ይሁን፤ «የተፈጸመበት ቀን» ግን ነባሪ አይኑረው፣ ባዶም አይፈቀድለት።

ሁለቱ ሲገናኙ

የውጭ ቁልፍ በሆነ ዐምድ ላይ ነባሪ ዋጋ ሲቀመጥ ሦስት ነገር ማስታወስ ያሻል።

አንደኛ፣ ነባሪው በወላጅ ሰንጠረዥ ውስጥ መኖር አለበት። በአንዳንድ የማይክሮሶፍት አክሰስ ቅጂዎች የቁጥር ዐምድ ሲፈጠር ነባሪው በራሱ ዜሮ ይሆናል። ዐምዱ የውጭ ቁልፍ ከሆነና መዝጋቢው ቀበሌ ሳይመርጥ ካለፈ ቋቱ ዜሮ ቁጥር ያለውን ቀበሌ ይፈልጋል፤ ስለማያገኝም ረድፉን አይቀበልም። መዝጋቢው «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ይላል፤ መፍትሔው ግን ያንን ዜሮ ከነባሪው ሥፍራ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ የውጭ ቁልፍ ነልን ያሳልፋል። ጠቋሚው ባዶ ከሆነ ቋቱ የሚመረምረው ነገር የለውም። ርክክብ ያለ ቤተሰብ ሊኖር የማይገባ ከሆነ ዐምዱ ባዶ እንዳይቀበል፣ ማለትም «ኖት ነል» ተብሎ፣ ለብቻው መታዘዝ አለበት።

ሦስተኛ፣ ነባሪው የሚሠራው ዐምዱ ፈጽሞ ሳይጠቀስ ሲቀር ነው። የመመዝገቢያው ፕሮግራም ዐምዱን ጠቅሶ ነል ከላከ ቋቱ ነሉን እንደ ተነገረው ይወስደዋል እንጂ በነባሪው አይተካውም።

በሥራ ላይ ያለን መዝገብ ለማረም

አዲስ መዝገብ መጀመር ቀላል ነው። ብዙዎቻችን ያለን ግን ለዓመታት የተከማቸ መዝገብ ነውና የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

1. ከማንኛውም ለውጥ በፊት የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀምጡ።

2. የሁለቱን ዐምዶች ዓይነት አስተካክሉ። በአንዱ ሰንጠረዥ ቁጥሩ እንደ አኃዝ 7፣ በሌላው እንደ ጽሑፍ 007 ከሆነ አይተሳሰሩም።

3. ወላጅ አልባ ረድፎችን ፈልጉ፤ ማለትም በቤተሰቦች ሰንጠረዥ የሌለ ቁጥር የያዙ ርክክቦችን በዝርዝር አውጡ። ዝርዝሩን ሳታስተካክሉ ቁልፉን ለመመሥረት ብትሞክሩ ቋቱ በአብዛኛው እምቢ ይላል።

4. ዝርዝሩን ይዛችሁ ወደ ወረቀቱ ቅጽ፣ ካስፈለገም ወደ ቀበሌው ሂዱ። ረድፉ እንዲያልፍ ብቻ የመሰላችሁን ቁጥር አትስጡ፤ ያ ስሕተቱን ማረም ሳይሆን መሸፈን ነው።

5. ከዚያ በኋላ የውጭ ቁልፉን መሥርቱ፤ ስረዛውንም ክልከላ አድርጉት። በአክሰስ የግንኙነቶች መስኮት ውስጥ «ኢንፎርስ ረፈረንሺያል ኢንተግሪቲ» የሚለው ሣጥን ምልክት ይደረግበት። ምልክት የሌለው መሥመር ሥዕል ብቻ ነው። ኤስኪውኤላይት የሚጠቀሙም ጥበቃው እንደ ልማድ ዝግ ሆኖ ስለሚጀምር ቋቱ በተከፈተ ቍጥር እንዲበራ ማዘዝ ይኖርባቸዋል።

6. በመጨረሻ ነባሪ ያላቸውን ዐምዶች ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣችሁ፣ «መዝጋቢው ዝም ቢል ይህ እውነት ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ላይሆን ይችላል» ከሆነ ነባሪውን አንሡት። ነባሪውን ማንሣት ቀድሞ የተሞላውን እንደማያርምም አትርሱ፤ ያ ለብቻው ይመረመራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መዝገቡ ራሱን አያርምም። የውጭ ቁልፍ የሌለን ሰው አያስመዘግብም፤ ያለውን ሰው ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ አይጠይቅም። ያ የኛ የመስክ ሠራተኞች ድርሻ ነው። በየቅርንጫፉ ያላችሁ ባልደረቦቻችን የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከማጠናቀራችሁ በፊት ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ተራ ብቻ እንኳ ብትፈጽሙ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። በዝርዝራችሁ ግርጌ ዜሮ ይዘው የተቀመጡትን ቤተሰቦች በመጀመሪያ እዩአቸው።